ኮሌታው እስኪወጣ

በልብስ ሰፊው ፊት የውሃ ጉድጓዳቸውን ክፉ የተናገረ ሰው ልጃቸውን የሰደበ ያህል ነበር። በገዛ እጃቸው ነው የቆፈሩት። አንድ ቅዳሜ ግን የተናገረችው ራሷ ልጃቸው ሆነች።

«አባባ፣ ሕፃኗን ሦስት ቀን ያስቀመጣት ይሄ ውሃ ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስም ሳይታከም እንዳትጠጣ ብላኛለች።»

አባቷ የስፌት መኪናውን መርገጥ አቆሙ። «ይሄን ጠጥተሽ አድገሽ አይደል እንዲህ ምላስሽ የረዘመው?»

ሳቋ መጣባት፤ ዋጠችው። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። የሁለት ዓመት ልጇን ከእሳቸው በቀር የምትተውለት ሰው የላትም፤ ውሃው እንዲህ እያለ ግን ትታት አትሄድም። ካልሄደች ደግሞ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ቁርጡን ነገረቻቸው።

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና ተነሡ። «በይ አሳዪኝ።»

በጀሪካኑ አፍ ላይ ጨርቅ ዘረጋች። አባቷ በሁለት ጣት ዳሰሱት። «ይሄ ሳስቷል፤ አሸዋ ያሳልፋል» ብለው ጠበቅ ያለ ንጹሕ የፖፕሊን ጨርቅ አመጡና አራት እጥፍ አጠፉት። ውሃው ጥርት ብሎ ወረደ። ከዚያ የውሃ ማከሚያ መድኃኒት በጠርሙሱ ክዳን አንድ ለክታ ጨመረች፤ ከድና ናጠችው። «አሁን ግማሽ ሰዓት ይቆያል።»

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አባቷ ኩባያ ይዘው መጡ።

«አባባ፣ ገና ነው።»

«ለእኔ ግማሽ ሰዓት ሆኖብኛል።»

የግድግዳው ሰዓት ከቆመ ዓመት አልፎታል፤ ሰው ከሌለ ይሄ ሽማግሌ እንዴት ይጠብቃል? እሳቸውም ፊቷን አዩ። ወደ መኪናቸው ተመለሱና የሸሚዝ ቁራጭ ሳቡ። «በስልክሽ ሰዓቱን ያዢልኝ» አሉ። ቆረጡ፣ ሰፉ፣ ገለበጡ፣ ጫፉን በመርፌ አወጡ፣ ዳር ዳሩን ደገሙ።

«ሠላሳ ሁለት ደቂቃ» አለች።

«ሁለቷ ምርቃት ናት። ግማሽ ሰዓት ማለት አንድ ኮሌታ ነው በቃ።»

ሰኞ በምሳ ሰዓት ሳትናገር ብቅ አለች፤ ልትሰልል ነው። ሕፃኗ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጣለች። አንድ ደንበኛ በርጩማ ላይ ይጠብቃል።

«አባባ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ውሃ ይስጡኝ።»

ቀና እንኳ አላሉም። «ኮሌታው አልወጣም።»

«አልወጣም» አለች ሕፃኗም።

«አንድ ጉንጭ ብቻ።»

«ለገዛ ልጄ ብዬ ሕግ አላፈርስም። ተቀመጪ።»

ደንበኛው አንገቱን ነቀነቀ። «እኔም ከመጣሁ ጀምሮ ጠምቶኛል። ደግሞ ያመጣሁት ሱሪ ነው፤ የምን ኮሌታ እንደሚሰፉ እንጃ።»

ከደንበኛው ጎን ተቀምጣ ጠበቀች። በመጨረሻ ኮሌታው ወጣ፤ አባቷ እጃቸውን ታጥበው ቀዱላት። ራሳቸውም አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ። «ሽታ ሽታ ይላል» አሉ ለኩራታቸው ያህል፤ ጨለጡት ግን።

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። እስከ መንገዱ ጫፍ አንድ ጊዜም ዞር አላለችም።

አመሻሹ ላይ ስትመለስ አራት ኮሌታ ተሰፍቶ ገመድ ላይ ተሰቅሏል። በዚያ ሳምንት ሸሚዝ ያዘዘ ሰው አልነበረም።