የቀጣሪው ወንበር

«ምክር የለም፣ መምህር! ጥያቄ ብቻ!»

አስተባባሪዋ ይህን ብላ አለፈች። ከመምህሩ ፊት የተቀመጠው ተመራቂ በምስጋና ዓይን ከኋላዋ ተመለከታት። መምህሩ ስለ ልጁ አቀማመጥ፣ ስለ ድምፁና ስለ ክራቫቱ አስተያየት መስጠት ጀምሮ ነበር፤ ዋጥ አደረገውና ደወሉ እስኪደወል ወደ ጣሪያው እያየ ጠበቀ።

«ይደገም» አለው በመጨረሻ።

ልጁ ማህተም የሌለበትን ካርዱን ይዞ ወደ ሰልፉ ጭራ ሄደ። ተማሪዎች መምህሩን «ይደገም» የሚል ቅጽል ስም ያወጡለት ያለ ምክንያት አልነበረም።

የስፖርት አዳራሹ ለሥራ ቅጥር አውደ ርዕዩ ሲባል ለሁለት ተከፍሏል። በወዲህ በኩል መምህራን «ቀጣሪ» የሚል ካርድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተመራቂዎችን ቃለ መጠይቅ ያለማምዳሉ። በወዲያ በኩል እውነተኞቹ ድርጅቶች ጠረጴዛ ዘርግተዋል። ከመምህራኑ «ዝግጁ» የሚለው ማህተም ያልተመታለት ወዲያ አይሻገርም። አስተባባሪዋ ጠዋት መምህራኑን ስታሰለጥን ያወጣችው ሕግ ደግሞ አጭር ነው፤ ደወሉ እስኪደወል ቀጣሪ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፤ አያቋርጥም፣ አይመክርም።

«ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩ ሰውዬ አሁን ዝም ማለት ልሰልጥን?» አለ መምህሩ፣ አጠገቡ ወዳለው ጠረጴዛ ዞር ብሎ።

እዚያ የተቀመጠው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሳቀ። «አንድ ቀን እንኳ ጉሮሮህ ይረፍ እንጂ!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የልጅህን ነገር ነገ ጠዋት አሳውቃለሁ። ቁርጥ ነው አይደል?»

«ያለቀ ነገር ነው።»

ነገሩ የረዳት መምህርነት ቦታ ነው። አንድ ብቻ አለ፤ መምህሩ ለልጁ እንዲያዝላት የኃላፊውን በር ስንት ጊዜ አንኳኩቷል። ውጤቷ ጥሩ ስለሆነ ማንም አያማውም። ሰሞኑን ደግሞ እራት በተበላ ቁጥር ለቃለ መጠይቁ ምን ብላ እንደምትመልስ ሲያስጠናት ከርሟል።

«ቀጣይ!»

ቀና ሲል የገዛ ልጁ ናት። ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች፣ እሱ እንደመከራት። እግሯ ላይ ግን እሱ ያልመከረው ወፍራም ቦት ጫማ አድርጋለች።

አስተባባሪዋ ፈጠን ብላ መጣች። «ዘመዳሞች ናችሁ አይደል? ጠረጴዛ ልቀይርልሽ።»

«እዚህ ማቋረጥ ክልክል ነው አይደል?» አለች ልጅቷ።

«ማቋረጥም መምከርም ክልክል ነው።»

«እንግዲያው እዚሁ ይሁንልኝ።»

አስተባባሪዋ ሳቋን አፍና ሄደች። ልጅቷ ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። «እንደምን ዋሉ?»

ቤት ውስጥ «አንተ» የምትለው ልጅ ናት። መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለምን ሥራ ነው የመጣሽው?» አለ፣ እራት ላይ ያጠኑትን መልስ እየጠበቀ።

«ለፓምፕ ተከላና ጥገና። እዚያ ጋ ያለው የውሃ ድርጅት አንድ ሰው ይፈልጋል» አለችና በአገጯ ወደ ወዲያኛው በኩል ጠቆመች። ፊቷን ፀሐይ የለበለባት አንዲት ኢንጂነር ባዶ ወንበር ፊት ተቀምጣ ሰዓቷን ታያለች።

መምህሩ አፉን ከፈተ። አስተባባሪዋ ከኋላው አለፈች። አፉን ዘጋ።

«ረዳት መምህርነት ቀርቦልሽ እንደነበር... ሰምቻለሁ።»

«ቀርቦልኛል። የጠየቅኩት ግን እኔ አይደለሁም፤ አባቴ ነው።»

«አባትሽ ክፉ አላሰበልሽም።»

«ይህ ጥያቄ ነው?»

«አይደለም» አለ መምህሩ። እጁ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ማህተሙን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «የዚህ ድርጅት ሥራ ገጠር ለገጠር መንከራተት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ወሩን ሙሉ መስክ ነው። አዳሩም ድንኳን ውስጥ ነው።»

«እናትሽ ይህን ታውቃለች?»

«ጫማውን የገዛችልኝ እሷ ናት።»

መምህሩ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየው። ውድ ጫማ ነው። ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሲመከር እሱ የት ነበር? እዚያው ቤት ነበር፤ ሲናገር።

«ልምድ አለሽ?»

«አለኝ። ባለፈው የቤታችን ፓምፕ ተበላሽቶ ነበር። አባቴ አጠገቡ ቆሞ ለምን እንደተበላሸ ለእናቴ አስረዳት። ግሩም ማብራሪያ ነበር፤ ውሃው ግን አልመጣም። በማግስቱ እሱ ክፍል ሲገባ እኔ ፈትቼ ሠራሁት።»

«ባለሙያ አይደለም እንዴ መጥቶ የሠራው?»

«ቀጣሪው እንዴት አወቁ?»

ከአጠገባቸው የኃላፊው ብዕር መሬት ወደቀ። ኃላፊው ሊያነሳው ጎንበስ ብሎ እዚያው ቆየ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ለምን ማስተማር አልፈለግሽም?» አለ መምህሩ። ይህን ጥያቄ ቤት ውስጥ ጠይቋት አያውቅም። ቤት ውስጥ የሚጠይቃት ምን ብላ እንደምትመልስ አጥንታ እንደሆነ ነው።

«ማስተማር አልጠላም። ግን እዚህ ብቀር ክፍሉም ያው የአባቴ ክፍል፣ ማስታወሻውም የአባቴ ማስታወሻ ነው። ቢሳካልኝ የእሱ ልጅ ስለሆነች ነው ይባላል፤ ባይሳካልኝም እንደዚያው። ውሃ ሲመጣ ግን ማንም የማን ልጅ ነሽ ብሎ አይጠይቅም፤ ጀሪካኑን ነው የሚያመጣው።»

ደወሉ ተደወለ።

መምህሩ ማህተሙን አነሳ። ወዲያ ማዶ ኢንጂነሯ ወረቀቷን ወደ ቦርሳዋ መክተት ጀምራለች። «ይደገም» ቢል ልጅቷ ሰልፉ ጭራ ትቆማለች፤ ተራዋ ሳይደርስ ሴትየዋ ትሄዳለች፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ኃላፊው ያሳውቃል። ሲያስደግም ለዋለ ሰው አንድ ተጨማሪ «ይደገም» ማንም ልብ አይለውም። ልጅቷም ይህ ገብቷታል፤ ዓይኗ ከእጁ ላይ አልተነሳም። አልለመነችውም ግን።

«አሁን ደወሉ ስለተደወለ መምከር ይቻላል» አለች።

ምክርማ ነበረው። ስለ ድንኳን፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ጡረታ፣ ስለ እርጅና፣ አንድ ክፍለ ጊዜ የሚሞላ ምክር አፉ ላይ ተሰልፎ ነበር።

«ፓምፑ ምኑ ነበር የተበላሸው?» አለ።

«አንዱ ጎማ ተበልቶ አየር ያስገባ ነበር።»

«እኔ ሞተሩ ነው ብዬ ነበር።»

«አዎ፣ አባዬ። በደንብ ነበር ያስረዳኸው።»

ማህተሙን መታው። ቀለሙ ፈዘዘበትና እንደገና ጫን ብሎ መታው። ልጅቷ ካርዱን አንስታ አልሮጠችም፤ ግን ቀስ ብላም አልሄደችም።

ኃላፊው ወንበሩን አስጠጋ። «እና ነገ ምን ብዬ ላሳውቅ? አንተው ቁርጡን ንገረኝ።»

«ስልኳን ልስጥህ፤ እሷን ጠይቃት።»

«እኔ እኮ አንተን ነው...»

«እኔን አትጠይቀኝ።»

ወዲያ ማዶ ኢንጂነሯ ቦርሳዋን መልሳ መሬት አስቀምጣለች። ልጅቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ትናገራለች፤ እንደ ልማዷ ጎበጥ ብላለች። መምህሩ ጀርባዋን ቀና እንድታደርግ ምልክት ሊሰጣት እጁን አነሳ። እጁ አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወንበሩን ብድግ አድርጎ አዞረና ለዚያኛው ወገን ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

«ቀጣይ!» አለ።