በስፌት መኪናዬ የመጣ ኮምፒውተር

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የዘጠና አራቱ መስከረም ግን ጉዱን ቤቴ ድረስ ይዞልኝ መጣ። ባሌ ሰዓድ፣ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በሰፋው ሱሪ አንድም ሰው "ጠበበኝ" ብሎት የማያውቅ ልብስ ሰፊ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና "ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬ ኮምፒውተር ነው" አለኝ።

"ልትጠግን?" አልኩት።

"አይ፣ ዌብሳይት ልሠራ። ሰው የትም አገር ሆኖ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የሚያየው ገጽ ነው።"

"ለመሆኑ ጋምቤላ ኢንተርኔቱ የት አለና?"

"ሲመጣ ተዘጋጅቼ ያገኘኛል።"

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

ኮምፒውተሩን ያመጣብኝ ባለሱቁ ጋሼ ሙሐመድኑር ነው። ፑኝዶ ያለ አንድ የእርዳታ ድርጅት አሮጌ ዕቃውን ሲሸጥ ከአልጋና ከጀሪካን ጋር ጠቅልሎ ገዛውና ምን እንደሚያደርገው ጠፋው። ከዚያ ሰዓድን "ለጊዜው ሞክረው፤ ከተስማማህ የስፌት መኪናህን ትሰጠኛለህ" አለው። የስፌት መኪናህን ይላል እንዴ? ሲንጀሯ እኮ የእኔ ናት። አባቴ ለሰርጌ ከጅማ በጭነት መኪና፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ የላከልኝ ናት። እሱ ካረፈ ወዲህ ፔዳሏ ሲረገጥ ስሰማ አባቴ ቤት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ይህን ለሰዓድ ነግሬው አላውቅም፤ ሳልነግረው የሚያውቅ መስሎኝ ነበር።

ተጨቃጨቅን፣ ተኳረፍን፣ በመጨረሻ ተዋዋልን። የከተማችን ዓሣ ሻጮች ማኅበር ለአዲስ አበባ ገዢዎች የሚያሳየው ዌብሳይት ይፈልጋል። ሰዓድ ሠርቶ ያሳያቸዋል። ከወደዱት ሲንጀሯ ትሄዳለች፤ ካልወደዱት ኮምፒውተሩ ይመለሳል፣ ሰዓድም ወደ ሜትሩ። "ወላሂ ቃሌን አላጥፍም" አልኩ። እንደማይወዱት እርግጠኛ ነበርኩ።

ለምን እርግጠኛ አልሆን? ሲማር አይቼዋለሁ። አስተማሪ የለው። ያለው አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው፤ ግማሹን ምስጥ በልቶታል። ምስጡ ከጀመረበት ገጽ ወዲያ ያለውን በግምት ነው የተማረው። የከተማው መብራት ድንገት ይጠፋና የደከመበት ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ደንበኛ ሱሪ ሊለካ ሲመጣ "ቆይ ወንድሜ፣ ይሄ ሥዕል ወደ ግራ አልሄድ አለኝ" ይለዋል። የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪዋ አባንግ ያሰፋችው ልብስ በአንድ እጅጌ ቀርቶ "ራሂማ፣ ግማሽ ለብሰን እንዘምር?" አለችኝ።

ገጹን በሚያሳይበት ቀን እኔም ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ። አልዋሽም፣ ሲወድቅ ልይ ብዬ ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር እማማ አጁሉ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ዓሣ ሻጮቹ ሴቶች ከኋላቸው። ከአዲስ አበባ አንድ ሆቴል የላከው ገዢም መጥቷል፤ ሰዓቱን ያያል። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ገጹ ተከፈተ።

ዓሣ የለም። በትልቁ "እንደምን ዋላችሁ?" ይላል። ከሥሩ "ደህና" የሚል አለ፤ ገዢው ተጫነው። "ቤተሰብ ደህና ነው?" አለ። ተጫነው። "ልጆቹስ?" አለ። ገዢው ዝም ብሎ ሲጫን እማማ አጁሉ ግን በየጥያቄው "ደህና ነን" እያሉ ጮክ ብለው ይመልሳሉ፤ ሴቶቹም ይከተላሉ። ልጆቹ ላይ ሲደርስ አንዷ ታሞ የነበረው ልጇ እንደተሻለው ለኮምፒውተሩ አስረዳችው።

"ዓሣው የት ነው?" አለ ገዢው።

"ይመጣል" አለ ሰዓድ። ላቡ ይወርዳል።

"መቼ? ወይ ጉድ፣ ልብስ ሰፊ ኮምፒውተር ሲነካ ይኸው ነው" ብሎ ሳቀበት።

ሰዓድ አንገቱን ደፋ። እጁ ሜትሩን ፍለጋ ወደ አንገቱ ሄደች፣ ሜትር የለም። አንጀቴን በላው። ዝም ብል ሲንጀሬ ትቀርልኛለች፤ ይሄን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

"ስማ ወንድሜ" አልኩ ተነስቼ። "ይሄ ልብስ ሰፊ ሰው ሳይለካ ጨርቅ ቆርጦ አያውቅም። አሁንም አንተን እየለካህ ነው። ደህና ነኝ ማለት እንዲህ ከከበደህ ክፍያ ላይ ስትደርስ እንዴት ልትሆን ነው?"

ሴቶቹ ሳቁ። እማማ አጁሉ አልሳቁም። "እኔ ገበያ ላይ፣ ሰላም ሳይለኝ ዋጋ ለጠየቀኝ ሰው የምሸጥለት የትናንቱን ዓሣ ነው" አሉ ረጋ ብለው። "ይሄ ገጽ ሰው ያውቃል። ወደነዋል።"

ገዢው ሳይወድ በግዱ የቀረውን "ደህና" ሁሉ ተጫነ። ዓሣው መጣ፤ እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ሰዓድ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አየኝ። እኔም ኮራሁበት። ወዲያው ሲንጀሬ ትዝ አለችኝ፤ በገዛ አፌ ሸጥኳት።

በማግስቱ ጋሼ ሙሐመድኑር ሁለት ተሸካሚዎች ይዞ መጣ። ሰዓድ ፊቴን አይቶ "ራሂማ፣ ካልሽ ኮምፒውተሩ ይመለስ" አለኝ ቀስ ብሎ። የምሩን ነበር። እኔ ግን ምያለሁ። ደግሞ ትናንት የሳቁበትን ሰው ዛሬ ሚስቱ ኮምፒውተሩን ታስመልሰው?

ሲንጀሯ ፊት ተቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ ምን ሊያደርጓት ነው?"

"ለሱቄ የልጆች ልብስ የሚሰፋ ሰው እቀጥርባታለሁ።"

"እንግዲያው ቃሌን አላጥፍም፤ ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎ ናት። ሠራተኛዋ ግን እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ከቤቴ አልወጣም።"

ተሸካሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጋሼ ሙሐመድኑር ጢሙን እያሻሸ አሰበበት።

"መስፋት ትችያለሽ?"

"እችላለሁ።"

"ማን አስተማረሽ?"

ሰዓድ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት፤ ቁልፍ መትከል እንኳ እንደማልችል ያውቃላ።

"ሰዓድን ኮምፒውተር ያስተማረው" አልኩና ፔዳሏን ረገጥኩ።