ለሸዋወርቅ የታዘዘው ኪኒን

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ! ሸዋወርቅ እንቅርቷን ልታስወጣ አዳማ አንድ ሆስፒታል ብትገባ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተሠራው የደም ምርመራ «እርግዝና አለ» አለ። ሃምሳ ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ የወር አበባዋም ከቀረ ሰንብቷል።

ነርሷ ደግሞ ሄዳ ሄዳ ለልጇ ለማስረሻ ነገረችው። እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ ይነገራል? ቀዶ ሕክምናው ቆይቶ በሳምንቱ ምርመራው ቢደገምም፣ የእርግዝና ሆርሞኑ ያው ትንሽ ቁጥር ሆኖ ወጣ።

«የአባትህ አጥንት ይፋረደኝ፣ ወንድ በደጄ አላለፈም!» ብትል ማን ሰምቷት።

«ደም ይዋሻል?» አላት ማስረሻ። በግቢዋ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖረውን ጡረተኛ አናጢ፣ ሰብስቤን፣ በዚያው ቀን ከነዕቃው አባረረው። የአባቱንም ፎቶ ከሳሎን አውርዶ ወደ ራሱ ቤት ወሰደ። ሸዋወርቅ ባዶውን ግድግዳ እያየች አለቀሰች።

የሆስፒታሉ ወጣት ሐኪም ዶክተር ዱሬቲ ግን ነገሩ አልዋጥላት አለ። «እማማ፣ ፅንስ ቢሆን ቁጥሩ በየሁለት በየሦስት ቀኑ እጥፍ ይሆን ነበር። የእርስዎ ባለበት ቆሟል፤ በአልትራሳውንድም ምንም አልታየም። የወር አበባ ሲቋረጥ አንጎል ሥር ያለች ዕጢ ይህንኑ ሆርሞን በጥቂቱ ታመነጫለች።»

«ታዲያ ለልጄ ንገሪልኛ!»

«ማረጋገጫ ይዘን እንንገረው። ይህን ኪኒን ሦስት ሳምንት ይዋጡ፤ ዕጢዋን ጸጥ ያደርጋታል። ቁጥሩ ከወረደ ነገሩ አለቀ።»

ወጣቷ ዶክተር ልቧ ቅን ነው፤ የሰው አፍ ግን አታውቅም። የሰጠቻት የወሊድ መከላከያ ነበር።

ኧረ ያን እሽግ የማያውቅ ማን አለ! ማስረሻ የመብራት ካርድ ሊወስድ መጥቶ ትራስጌዋ አገኘው።

«ሐኪሟ ናት ያዘዘችልኝ፣ ነገሩን ለማጣራት» አለችው።

«እርግዝና የሚጣራው በወሊድ መከላከያ ነው?» ብሎ ሳቀባት። ሳቁ ከስድብ ባሰባት። ለሚስቱ ነገራት፣ ሚስቱ ለጎረቤት፤ ወሬ መቼ እግር ያጣል። የማኅበሯ ሴቶች እንኳን ጽዋ የማውጣት ተራዋን ዘለሉባት። ሸዋወርቅ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ኪኒኑን ግን አላቋረጠችም፤ ሌላ ምን ምስክር አላት?

ሦስቱ ሳምንት አልቆ ደሟ ሲታይ ቁጥሩ ጠፍቷል። ዶክተር ዱሬቲ ማስረሻን አስጠርታ አንድ በአንድ አስረዳችው። ፊቱ አመድ መሰለ። እዚያው የምርመራ ክፍል ውስጥ እናቱ እግር ላይ ወደቀ።

«ይቅር በይኝ፣ እማዬ! ሰብስቤንም ፈልጌ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ለሁሉም እነግራለሁ፣ ነጻ ነሽ!»

«ተነሣ» አለችው። ተነሣ።

«ባይወርድ ኖሮስ?» ስትል ጠየቀችው።

«ምኑ?»

«ቁጥሩ።»

ማስረሻ ወደ ዶክተሯ ዞረ።

«እኔ እንደሆን ያኔም ያችው እናትህ ነበርኩ» አለች ሸዋወርቅ። ነጠላዋን አስተካከለች። «ሁሩታ፣ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። እንዳትከተለኝ።»