ከረግረግ ያወጣሁላት አበባ

ሸዋ ሮቢት ባጃጅ መንዳት ከጀመርኩ ቆየሁ። ተሳፋሪ የጠየቀኝን ሁሉ እመልሳለሁ፤ የማላውቀውንም ጭምር። ፌቨን የምትባል የዕፅዋት ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ «በጀውሃ በኩል ያለውን አሸዋማ ቁጥቋጦና ረግረግ የሚያሳየኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ የትኛው ተክል የአገሩ፣ የትኛው መጤ እንደሆነ ማየት አለብኝ» ስትል አፌ ቀደመኝ።

«ነጅሙዲን እባላለሁ። እዚህ አገር የማላውቀው ቅጠል የለም» አልኳት።

ወላሂ፣ የእኔ እውቀት ይህቺው ነበረች፦ እሾህ ካለው ግራር፣ ከሌለው ሳር።

አሸዋው ጋ ስንደርስ ባጃጄን አቁሜ ፊት ፊት መራሁ። «ይሄ ግራር ነው። ያም ግራር። እሱም ያው ግራር» እያልኩ ስቀጥል ፌቨን ቆመች።

«ይሄኛው እንኳ ፕሮሶፒስ ነው፤ መጤ ነው። አበባውን እየው፣ እንደ ጣት ረዘም ይላል። የዚያኛው የግራሩ ግን ድብልብል ነው። የዚህን ፍሬ ፍየሎች ይበሉና በሄዱበት ሁሉ ይዘሩታል።»

«ዘመዳሞች ስለሆኑ ነው የተምታታብኝ» አልኩ፣ እንደ ሽማግሌ ራሴን እየነቀነቅኩ።

«እሱስ ልክ ነህ፤ ዘመዳሞች ናቸው» አለችኝ።

እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? በአጋጣሚ ልክ ስለሆንኩ ልቤ አበጠ። መንገድ ዳር ቅጠሉ ስንጥቅጥቅ ያለ ባለ ነጭ አበባ ተክል አየሁና ቀጨት አድርጌ፣ «ይቺ አሪቲ ናት፤ ሽታዋ ልዩ ነው» ብዬ በረጅሙ ሳብኩት።

«ተው! ቅንጬ አረም ነው!» ስትል ብናኙ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። ረግረጉ ጋ እስክንደርስ ሳስነጥስ ሄድኩ። ዓይኔ ቀልቶ እንባዬ ይወርዳል። ፌቨን ውሃ ሰጥታኝ ፊቴን ታጠብኩ። ላለመሳቅ ከንፈሯን ነክሳ እንደነበር በእንባዬ መሃል አይቻለሁ።

ረግረጉ ዳር ግን ቀናኝ። ቄጠማውን ቄጠማ፣ ፊላውን ፊላ አልኩ፤ ሁለቱንም አገኘሁ። ፌቨን «ጎበዝ!» አለችኝ። ያቺ ቃል ናት ያሰመጠችኝ። ወደ መሃል አረንጓዴ ሆኖ የተንጣለለውን እየጠቆምኩ፣ «ያ ደግሞ ሳር ነው፤ ከብት ይሄድበታል» አልኩና ረገጥኩት።

ሳር አልነበረም። እስከ ደረቴ ገባሁ።

ፌቨን ጮኸች። ከአጠገቡ ሽንኩርት ያጠጡ የነበሩት ጋሽ ሁሴን ሮጠው መጡና ረጅም እንጨት ዘረጉልኝ። ስወጣ አንድ ጫማዬ እዚያው ቀርቷል። ትከሻዬ ላይ ግን ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል ተንጠልጥሏል። ውርደቴን በምን ልሸፍነው? አበባውን ዘረጋሁላት። «ይሄ ለአንቺ ነው።»

ፌቨን ፈገግ ልትል ጀመረችና ፊቷ ተለወጠ። ያበጠውን አገዳ በጣቷ ጫን አደረገችው።

«እምቦጭ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ጋሽ ሁሴን፣ ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው?»

«እኔ እንጃ ልጄ፤ አበባው ሲያምር ዝም ብዬ አየሁት እንጂ። ምን ያደርጋል?»

«ከተዉት ውሃውን በሙሉ ይሸፍነዋል። ለሽንኩርትዎ የሚጠልፉት ውሃ አይተርፍም።»

ጋሽ ሁሴን «ሱብሃነላህ!» ብለው ማሳቸውን ዞር ብለው አዩ።

በሳምንቱ የአካባቢው ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ገመድና መንሽ ይዞ እምቦጩን ሊነቅል ወጣ። ፌቨን እኔን ወደ ፊት ጎትታ «ያገኘው እሱ ነው» አለች። አንዲት እናት ከሰው መሃል፣ «እሰይ! በምን አወቅከው ልጄ?» ሲሉኝ ስለ ብዙ ዓመት ልምዴ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። የጋሽ ሁሴን ዓይን ላይ ዓይኔ ወደቀ።

«ገብቼበት» አልኩ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሥራውም በሳቅ ተጀመረ። እስኪመሽ ነቀልን፤ የነቀልነውን ከውሃ አርቀን አሸዋው ላይ አሰጣነው።

ክረምቱ ሲወጣ ፌቨን ተመልሳ መጣች። ከፊላው ሥር ጥቂት የእምቦጭ ቡቃያ አግኝተን ነቀልን እንጂ ውሃው ንጹሕ ነበር። ጋሽ ሁሴን ደስ ብሏቸው ከማሳቸው አንድ እቅፍ ሽንኩርት አመጡልን። የእኔን ድርሻ ከማቀበላቸው በፊት ከፍ አድርገው ይዘው፣ «ይሄንንስ ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ፌቨንን አየት አደረግኳት። ራሷን ስትነቀንቅልኝ፣ «ሽንኩርት» አልኩ።