የእትዬ ሙሉዬ ድንገተኛ

ሄራን የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ መኪናዋን እንዴት ፓርክ እንዳደረገች እንኳ አታውቅም። የላብራቶሪ ጋዋኗን ሳታወልቅ እየሮጠች የእትዬ ሙሉዬ ቅመም ሱቅ ገባች።

"እትዬ! ቻሉት! አይጦቹ ቻሉት!"

"ምኑን?"

"ሙቀቱን ነዋ! ያንቺን ድንገተኛ የጠጡት አይጦች ሞቅ ያለው ብረት ላይ ሲቆሙ እግራቸውን ለመላስ ብዙ ቆዩ። ያልጠጡት ግን ወዲያው ነው የላሱት። ሶ፣ ሕመሙ ቀንሶላቸዋል ማለት ነው!"

"እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!" የእትዬ ሙሉዬ እልልታ በርበሬ ሊገዛ የቆመውን ሰውዬ አስደነገጠው።

ድንገተኛ፣ ሆድ ቁርጠት የያዘው ሰው አኝኮ ውኃውን የሚውጠው ሥር ነው። የላብራቶሪው ፕሮፌሰር "ይኼ የመጨረሻ ሙከራሽ ነው፤ ካልሠራ ጥናቱን እዘጋዋለሁ" ካላት ወዲህ ሄራን እህል አልበላ ብሏት ሰንብታለች። አሁን ሠራ! ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፕሮፌሰሩ ራሱ ውጤቱን ስብሰባ ላይ ሊያቀርብላት ነው። እንዴት ደስ አይበላት!

"እኔማ አውቄዋለሁ" አሉ እትዬ ሙሉዬ ደረታቸውን ነፍተው። "ልጄ ፈረንጅ ፊት እንዳታፍር ብዬ፣ ስወቅጠው ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ ጣል አድርጌበታለሁ።"

ሄራን ክው አለች። "ምን አልሽ?"

"ምነው? መድኃኒት ባዶውን ይሰጣል እንዴ? ትንሽ ማጠናከሪያ ነው።"

"እትዬ ገደልሽኝ! እኔ እኮ ለፕሮፌሰሩ ድንገተኛ ብቻ ነው ብያለሁ!"

"ታዲያ ማን ያውቃል? እኔ አልናገር፣ አይጦቹ አይናገሩ!"

ሄራን ሳትወድ በግድ ሳቀች። ዝም ብትል ዛሬ ስሟ በደግ ይነሳል። ብትናገር ጥናቱ ሊዘጋ ነው፣ አለቀ። ግን አይጦቹ እኮ የእውነት ችለዋል! በየትኛው ይሆን የቻሉት? በሥሩ? በዝንጅብሉ? ወይስ ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው? ደስታው እንደገና መላ ሰውነቷን ወረራት። ስልኳን አወጣችና ደወለች።

"ፕሮፌሰር፣ ውጤቱን እንዳታቀርበው። ዱቄቱ ድብልቅ ነበር፣ እኔም አሁን ነው ያወቅሁት። ደግሞም በየትኛው እንደሠራ ሳላውቅ ጥናቱን እንዳትዘጋብኝ፣ እለምንሃለሁ።"

"ሰኞ እንነጋገራለን" ብሎ ፕሮፌሰሩ ስልኩን ዘጋው።

"እትዬ፣ ሦስቱንም ለየብቻ ስጪኝ። ሳይወቀጥ።"

እትዬ ሙሉዬ አኮረፉ። "አላመንሽኝም ማለት ነው?"

"ስላመንኩሽ እኮ ነው ጥናቱ እንዳይዘጋ የሰው ፊት የማየው!" አለችና ሄራን ሥሩን ራሷ ትመርጥ ጀመር።