ደፍ ላይ የነደደ ወረቀት

እኔ ብዙ ጣጣ የማላውቅ ሴት ነኝ፤ በመጀመሪያ በላተኛ ግን ቀልድ የለም። ናምዲን ከተማ ውስጥ ፎ፣ የሥጋ መረቅ በኑድል ማለት ነው፣ የሚሸጥ ሁሉ ይህን ይነግራችኋል። ማለዳ ቀድሞ የገባው ሰው እግረ ርጥብ ከሆነ መረቁ ተሟጦ ድስቱ እስኪገለበጥ ትሸጫለሽ። እግረ ደረቅ ከሆነ ኑድሉን ታቅፈሽ ትውያለሽ። ለዚህ ነው ሞተር ታክሲ የሚነዳውን ጋሽ ባንግን በየማለዳው ቀድሞ እንዲገባ የምለምነው። ክፉ እግር ከገባም መላ አለው፤ ሰውየው ሲወጣ ጋዜጣ ለኩሰሽ ደፉ ላይ ታነጂና ትሻገሪዋለሽ፣ ክፉው እግር ባለቤቱን ተከትሎ ይሄዳል። ከሁሉ የሚፈራው የእርጉዝ እግር ነው። እናቴም ትለው ነበር፣ እኔም እላለሁ።

ያን ቀን ጋሽ ባንግ ቀረ። ካፊያው አላባራ ብሏል። አጥንቱ በስሎ፣ ከሰል ላይ የጠበስኩት ዝንጅብልና ሽንኩርት መረቁ ውስጥ ገብቶ፣ ሥጋውን በስሱ እየቆረጥኩ ሳለ አንዲት እርጉዝ ገባች። ሆዷን ነው መጀመሪያ ያየሁት። ዛሬስ አለቀልኝ አልኩ በልቤ። ቀና ስል ሉዋ ናት፤ ልጄ።

ሁለት ዓመት አልተያየንም። ሚስቱን የፈታ የጭነት መኪና ሾፌር አገባለሁ ስትለኝ «እሱን አግብተሽ ይህን ደፍ እንዳትረግጪ» ያልኳት እኔ ነኝ። ቁጥሯን እንኳ ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ። እንዲህ ያለ አንጀት ነው የሰጠኝ፣ ምን ላድርግ።

«እማ፣ ርቦኛል» አለችኝ።

«ተቀመጪያ፤ ምን ይገትርሻል?»

ኑድሉን ፈላ ውኃ ውስጥ ነክሬ አወጣሁ፤ ስብ የነካውን የደረት ሥጋ መረጥኩላት። ሳህኑን ሳቀርብላት እጄን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

«እሱ ወር ሙሉ መንገድ ላይ ነው። መውለጃዬ ደርሷል፣ ብቻዬን ፈራሁ። እዚህ ልውለድ እማ?»

«መጀመሪያ ብዪ። መረቅ ቀዝቅዞ ይጠጣል እንዴ?»

እሺ ልላት ነበር። ይህን እወቁልኝ። በልታ ስትጨርስ፣ እንደ ዋዛ፣ «አልጋሽ እንደሆነ እዚያው ነው» ልላት ነበር። ወዲያው እሺ ማለት ግን ሞት መሰለኝ። ሁለት ዓመት የቋጠርኩት ቂም ነው፣ ትንሽ ልለመን ብዬ ነው። ኩራቴ ገደል ይግባ።

እሷ አቀርቅራ ትበላለች፣ እኔ በሩን አያለሁ። ሰው የሚባል ዝር አላለም። ማዶ ፎ የምትሸጠው ባላንጣዬ ቤት ግን ወንበር ጠፍቶ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ያ ሁሉ ሥጋ፣ ያ ሁሉ ኑድል! ሉዋ በልታ ተነሳችና «ፎቅ ወጥቼ የአባባን ፎቶ ልየው» አለችኝ፤ ሟቹን ባሌን ማለቷ ነው።

ደረጃውን ስትወጣ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ ነው። ጋዜጣ ቀደድኩ፣ ከምድጃው ለኮስኩ፣ ደፉ ላይ ጣልኩና ተሻገርኩት። አንዴ። ሁለቴ። ለሦስተኛው ስዞር ሉዋ ደረጃው ሥር ቆማለች።

ዓይኗ እሳቱ ላይ ነው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ገና ሳልወጣ ነው እንዴ የምታነጂብኝ?»

«ልማድ ነው እኮ ሉዋ! አንቺን ብዬ አይደለም፣ ገበያው...»

«አውቃለሁ እማ። እዚሁ አይደል ያደግኩት።»

ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ እሳቱን ተሻገረች።

«ቆዪ እንጂ» ስላት ከሰፈሩ ፋብሪካ ሦስት ሴቶች ተግተልትለው ገቡ። «እትዬ ዙየን፣ ሦስት ሳህን፣ ቶሎ በይልን ረፍዶብናል።» ከኋላቸው ሌሎች አሉ። ጭልፋዬን ጥዬ መሮጥ እችል ነበር። አልሮጥኩም፤ እነዚህን ላስተናግድና ብዬ ነው። አስተናግጄ ብቅ ስል መንገዱ ላይ የዝናብ ልብስ የለበሰ ባለሞተር ብቻ ነው የሚተራመሰው።

ያን ቀን እንደሸጥኩት በዕድሜዬ ሸጬ አላውቅም። ገና በሦስት ሰዓት ድስቱ ተሟጠጠ። ጋሽ ባንግ ጉንፋን ይዞት ኖሮ ረፍዶ መጣና ባዶውን ድስት አይቶ ሳቀ።

«ወይ ጉድ፣ ለካ እኔ ስቀር ነው የሚቀናሽ። ማነው የከፈተልሽ?»

«አንዲት እርጉዝ።»

«እርጉዝ? እግሯ ርጥብ ነዋ! በይ እኔን ጡረታ አውጪኝና ነገም እሷን ጥሪያት።»

«ልጄ ናት» አልኩት።

ሳቁን ዋጠ። የሞተሩን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

«ተነሺ፣ ላድርስሽ። የት ነው የምትኖረው?»

አልጠየቅኳትም ነበር።