ጃርላት በጀርባው አይተኛም

«እትዬ ሳቢና፣ ያንን ትራስ ይመልሱት» አለች ዴሊያ የባሏን ሬሳ እያየች።

ሳቢና የመንደሩን ሬሳ ሁሉ አጥባ የምትገንዝ ሴት ናት። ትራሱን ብብቷ ውስጥ እንደሸጎጠች ዞር አለች። «አንድ ይበቃዋል የኔ ልጅ። ሬሳ ቀጥ ብሎ ሲጋደም ነው የሚያምረው።»

«ጃርላት በጀርባው አይተኛም።»

«አሁንማ ይተኛል እንግዲህ፣ ምን ያደርጋል!» ብላ ትራሱን ከምድጃው አጠገብ ያለው የሟቹ ወንበር ላይ ጣለችው።

እንደ ለቅሶ ቤት ወግ ሰዓቱ ቆሟል፣ መስታወቱ ተሸፍኗል። ወንዶቹ በሸክላ ፒፓቸው ቤቱን በጭስ አፍነውታል። አንዱ ሻዩን ፉት እያለ፣ «ወይ ጃርላት! አንድ ቀን እንኳ አሞኛል ሳይል ሄደ» አለ። ዴሊያ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። እሷን ለልመና ሊዳርጋት የደረሰው ይኸው አሞኛል አለማለቱ ነበር።

ጃርላት ለነጻነታችን ከእንግሊዝ ጋር በተዋጋንበት ጊዜ ደረቱን ተመትቶ ጥይቱ ሳንባው ውስጥ ቀርቷል። መንግሥት የቁስለኛ ጡረታ ሲፈቅድ ዋና ከተማው ደብሊን፣ የጡረታ ቦርዱ ዘንድ ተጠራ። ደረጃውን ሲወጣ ትንፋሽ አጠረው። እንዳያፍር ብሎ በር ላይ ቆሞ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀና ሳቅ ብሎ ገባ። የቦርዱ ሐኪም «እንዴት ነህ?» አለው። «ደህና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን።» ሐኪሙም ደህና ነው ብሎ ጻፈ። ጡረታው ቀረ።

«አንተ ጅል! ታምሜአለሁ አትልም?» ብላ ጮኸችበት ዴሊያ ያን ጊዜ።

«ከጎኔ የተመታው ፌስቲ አፈር ገብቶ እኔ በቁሜ ላማርር? ነውር አይደለም?»

ባል በጥይቱ ከሞተ ግን ሚስት ጡረታውን ታገኛለች፤ ሕጉ ነው። የቀራት እሱ ብቻ ነው። ዴሊያም ይህን ለምንም አትለቅም።

በሁለተኛው ቀን ማታ የመንደሩ ሐኪም ዶክተር ላቬል ተመልሶ መጣ። ከሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ ጸለየ። ገና ሲነሳ ያዘችው።

«ዶክተር፣ በምን ሞተ ብለው ጻፉ?»

«በሳንባ ምች።»

«ጥይቱስ?»

«ዴሊያ፣ ባየሁት ቁጥር ያስቸግርሃል ወይ እለዋለሁ። ደህና ነኝ ነው መልሱ። ያላለኝን ከየት አምጥቼ ልጻፍ?»

«ትናንት እዚህ ቤት ገብተው እንዴት ነሽ ሲሉኝ ምን አልኩዎት?»

ዶክተሩ አሰበ። «ደህና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን፣ አልሽኝ።»

«ባሌ እዚህ ተጋድሞ! ደህና ነበርኩ እንዴ?»

ዴሊያ ወንበሩን አሳየችው። «ከተመታ ጀምሮ አልጋ ላይ በጀርባው ተኝቶ አያውቅም። ትንሽ ጋደም ካለ ይታፈናል። ሌሊቱን የሚያድረው እዚህ ነው፣ ትራሱን ተደግፎ ቁጭ ብሎ።»

ሳቢና አፏን በእጇ ያዘች። «በስመ አብ! ላም ላልብ ንጋት ላይ ሳልፍ ሁሌ በመስኮቱ እዚያው ነው የማየው። እኔ ደግሞ እንዴት ያለ ማልዶ ተነሺ ነው እያልኩ ለባሌ ምሳሌ አደርገው ነበር!»

ማንም አልሳቀም። ዶክተሩ ወንበሩ ላይ ያለውን ትራስ አንስቶ መሐሉ ላይ የጎደጎደውን ዳበሰ፣ መልሶም አስቀመጠው። «በጥይቱ ብዬ እጽፋለሁ» አለ። «ሳቢና፣ ያየሽውን ለቦርዱ ትመሰክሪያለሽ?»

«ደብሊን ድረስ በእግሬ!»

በማግስቱ ሬሳው ሳጥን ሲገባ ሳቢና ራሷ የጃርላትን ራስ ቀና አድርጋ ያዘችለት፣ ዴሊያ ሁለተኛውን ትራስ ከሥር አስገባች። አናጺው ክዳኑን ሞከረና ራሱን ነቀነቀ።

«አይገጥምም እመቤት። አንዱ ይውጣ።»

«አይወጣም።»

ዴሊያ የትራሱን ስፌት በጥርሷ በጠሰችው። ላባውን በእፍኝ እያወጣች ቀሚሷ ላይ አራገፈች፤ ክዳኑ እስኪገጥም ድረስ አሳሳችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሸሚዙን ኮሌታ አላላችለት።

«አሁንስ እንዴት ነህ?» አለችው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ነኝ አላላትም።